ለአንድ ቅሬታ የተሰጠ ምላሽ፦ ለጥርስ ሐኪሞች ድረ ገጽና ማርኬቲንግ ለሚሠሩ የቀረበ የጉዳይ ጥናት

ለጥርስ ሐኪሞች ድረ ገጽ የሚሠራና ማስታወቂያ የሚመራ ባለሙያ ከአዲስ ደንበኛ ጋር ውል ሲፈራረም በአብዛኛው የሚነጋገረው ስለ ገጹ ዲዛይን፣ ስለ ፎቶግራፎቹ፣ በጉግል ፍለጋ ቀድሞ ስለ መታየትና በየወሩ ስለሚመጡት አዳዲስ ታካሚዎች ቁጥር ነው። ታካሚዎች በጉግል ወይም የልፕ (Yelp) በተባለው የአስተያየት መስጫ ድረ ገጽ ላይ ለሚጽፉት አስተያየት ማን፣ መቼና በምን ቃል መልስ ይሰጣል የሚለው ጥያቄ ግን ወይ ጨርሶ አይነሳም፣ ወይም ከሌሎች ሥራዎች ጋር ተደባልቆ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ከዚህ በታች የምመረምረው ጉዳይ የተነሣው በዚሁ ተዘንግቶ በሚታለፈው ቦታ ላይ ነው። ጉዳዩ በአሜሪካ የጤናና የሰብዓዊ አገልግሎቶች ሚኒስቴር ሥር ያለው፣ የታካሚን ምስጢር የሚጠብቀውን ሕግ የሚያስፈጽመው የሲቪል መብቶች ጽሕፈት ቤት ውሳኔ ሰጥቶበት ለሕዝብ ይፋ ያደረገው ነው። ክሊኒኩ የሚጠራው በባለቤቱ በሐኪሙ የግል ስም በመሆኑ እዚህ ላይ ስሙን አላነሣም፤ ለእኛ ሙያ የሚጠቅመውም የተፈጸመው ነገር እንጂ የሰውየው ማንነት አይደለም።

በኖርዝ ካሮላይና ግዛት፣ በሻርሎትና በሞንሮ ከተሞች በሚሠራ የጥርስ ክሊኒክ የታየ አንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ2015 በክሊኒኩ የጉግል ገጽ ላይ አሉታዊ አስተያየት ጻፈ። አስተያየቱን ያሰፈረው በእውነተኛ ስሙ ሳይሆን በሌላ ስም ነበር። ክሊኒኩም እዚያው ገጽ ላይ፣ ማንም በሚያነብበት ቦታ፣ ምላሽ ሰጠ። ምላሹ ሰውየውን በእውነተኛ ሙሉ ስሙ ይጠራዋል፤ ያውም ደጋግሞ። ከኦክቶበር 2013 ወዲህ ወደ ክሊኒኩ የመጣው ሁለት ጊዜ ብቻ እንደሆነ፣ የሕክምና ዕቅዱ ለኢንሹራንስ ድርጅቱ ቀርቦ ቢጸድቅም በቀጠሮው እንዳልተገኘ፣ ለመጨረሻ ጊዜ በማርች 2014 የመጣው በታችኛው የግራ መንጋጋው ላይ ብርቱ ሕመም ተሰምቶት በድንገተኛ ታካሚነት እንደሆነ፣ ለጥርስ ሥር ሕክምና ወደ ሌላ ስፔሻሊስት ለሁለተኛ ጊዜ ሪፈር እንደተጻፈለት ይዘረዝራል። ከምርመራ በስተቀር ምንም ሕክምና እንዳልተደረገለት ይናገርና የሰውየውን የማሰብ ችሎታ የሚነካ፣ የጉልበት ሥራውን ይዞ እንዲኖር የሚመክር ዘለፋ ጨምሮበት ይደመድማል።

ታካሚው ለሲቪል መብቶች ጽሕፈት ቤት አመለከተ። ጽሕፈት ቤቱ ምርመራ ከፍቶ ለክሊኒኩ የማስረጃ ጥያቄ ላከ፤ ክሊኒኩ መልስ አልሰጠም። ቀጥሎ ማስረጃ እንዲያቀርብ የሚያስገድድ አስተዳደራዊ ትእዛዝ ደረሰው፤ ለዚህም አልመለሰም፣ ተቃውሞም አላቀረበም። በመጨረሻ ሊጣልበት የታሰበው ቅጣት በጽሑፍ ሲነገረው ግኝቶቹን ባለመቃወሙ ጉዳዩን በችሎት የማሰማት መብቱን በራሱ ፈቃድ እንደተወ ተቆጠረ። ቅጣቱ 50,000 ዶላር ሲሆን ውሳኔው በማርች 2022 ለሕዝብ ተገለጸ። ምላሹ ከተጻፈ ብዙ ዓመት አልፎ ነበር።

ይህን ምላሽ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳነብላቸው ሁሉም በመጀመሪያ የሚይዙት ዘለፋውን ነው። ዘለፋው ጨዋነት የጎደለው መሆኑ አያከራክርም፤ ለክሊኒኩ ስምም ታካሚ ከሚሰጠው ዝቅተኛ ደረጃ፣ ከአንድ ኮከብ፣ የከፋ ጉዳት ነው። ይሁን እንጂ የሕግ ጥሰቱ ያለው እዚያ ላይ አይደለም። ስድቡን በሙሉ አውጥተን፣ ቋንቋውን አለስልሰን፣ መጨረሻው ላይ ይቅርታና የስልክ ቁጥር ብንጨምርበት እንኳ ምላሹ ያው ሕገ ወጥ ምላሽ ሆኖ ይቀጥላል። ከጥርስ ሐኪም ጋር የሚሠራ ሰው ከዚህ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ ይዞ ይሂድ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። ማርኬቲንግ በትሕትና የተጻፈን ምላሽ ጥሩ ምላሽ ነው ብሎ ያስተምራል፤ የሕክምና ሙያ ግን ከትሕትናው በፊት የሚጠይቀው ሌላ ነገር አለ። ያም ስለዚህ ሰው ምንም ነገር ለመናገር ተፈቅዶልኛል ወይ የሚል ነው።

ምላሹን በዚህ ዓይን ስናነበው ስሕተቱ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቃል መሆኑን እናያለን። በሌላ ስም የጻፈን ሰው በእውነተኛ ስሙ መጥራት ማንነቱን ከመዝገብ አውጥቶ ማሳየት ነው። ሰውየው ሁለት ጊዜ መጥቷል ማለት የክሊኒኩ ታካሚ መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ የአንድ ሰው የአንድ ክሊኒክ ታካሚ መሆን ደግሞ በራሱ የሚጠበቅ የጤና መረጃ ነው። ቀኖቹ፣ የኢንሹራንሱ ጉዳይ፣ ያልተገኘበት ቀጠሮ፣ የሕመሙ ቦታና ዓይነት፣ የተጻፈለት ሪፈር፣ እያንዳንዳቸው ከሕክምና ካርዱ ላይ የተነሡ መረጃዎች ናቸው። ሐኪሙ ራሱን ለመከላከል ያቀረባቸው ነጥቦች በሙሉ ምናልባት እውነት ናቸው፤ ግን እውነት መሆናቸው አያድነውም። ስም ማጥፋት በሆነ ክስ ውስጥ እውነትነት መከላከያ ሊሆን ይችላል፤ ምስጢር በማውጣት ጉዳይ ላይ ግን የወጣው ምስጢር እውነት መሆኑ ጥፋቱን ያጸናዋል እንጂ አያቀልለውም።

እዚህ ላይ ሐኪሞች ዘወትር የሚያነሡት፣ ፍትሐዊ የሚመስልም ጥያቄ አለ፦ ታካሚው ራሱ ስለ ሕክምናው በአደባባይ ከተናገረ እኔ ዝም እንድል የሚያስገድደኝ ምንድን ነው? መልሱ ምስጢሩ የማን ነው ከሚለው ይመነጫል። ምስጢሩ የታካሚው ነው፤ የፈለገውን ያህል ሊናገረው፣ የቀረውን ሊደብቀው ይችላል። ሐኪሙ የያዘው በአደራ ነው። ባለቤቱ ከገንዘቡ ላይ ጥቂቱን በአደባባይ ስላወጣ አደራ ተቀባዩ የቀረውን እንዲበትን ፈቃድ አላገኘም። በአሜሪካ ይህን ግዴታ የሚደነግገው እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሂፓ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ሕግና ከ2003 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የግላዊነት ደንቡ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከሜይ 2018 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው የመረጃ ጥበቃ ደንብ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው መረጃዎች ጋር ይመድበዋል። የሕጉ ስም ይለያይ እንጂ የሐኪም ምስጢር ጠባቂነት ከነዚህ ሕጎች ሁሉ የቀደመ የሙያው መሐላ ነው፤ ስለዚህ ደንበኛችን በየትኛውም አገር ቢሠራ ጉዳዩ ይመለከተዋል።

ሐኪሙ ለምን እንዲህ እንዳደረገ መረዳት ለእኛ ሥራ ከቅጣቱ መጠን የበለጠ ይጠቅማል። የጥርስ ሐኪም በአብዛኛው የራሱ ክሊኒክ ባለቤት ነው። ስሙ በበሩ ላይ፣ በድረ ገጹ አድራሻ ላይ፣ በጉግል ገጹ ላይ ተጽፏል። ትልቅ ሆስፒታል ላይ የሚጻፍ ቅሬታ ወደ ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ይሄዳል፤ ለጥርስ ሐኪሙ ግን ቅሬታው በቀጥታ ለእርሱ፣ በስሙ የተጻፈ ደብዳቤ ሆኖ ይደርሰዋል። ማታ ክሊኒኩን ዘግቶ ስልኩን ሲከፍት አንድ ኮከብ ያያል፤ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ከሁኔታው ይገምታል፤ ካርዱን ያወጣል፤ ሁሉም ማስረጃ በእጁ ነው። የምላሹ ሣጥን ደግሞ እዚያው ከአስተያየቱ ሥር ክፍት ሆኖ ይጠብቀዋል። በዚያ ሰዓት ሐኪሙን የሚያቆመው ሰው የለም። እኛም ብንሆን በየስብሰባው የኮከቡ አማካይ ከ4.8 ወደ 4.6 ወረደ እያልን፣ አማካዩ በፍለጋ ውጤት ላይ ያለውን ተፅዕኖ በግራፍ እያሳየን፣ ያንን ምሽት ስናዘጋጅለት ቆይተናል። ይህን የምለው የማርኬቲንግ ሰው የሚያቀርበው ቁጥር በሐኪሙ ላይ የሚያሳድረው ጫና እውነተኛ ስለሆነና ጫናውን ያመጣ ሰው መውጫውንም ማዘጋጀት ስላለበት ነው።

ከሌላ ጉዳይ ጋር ስናነጻጽረው የክሊኒኩ ዝምታ ምን ያህል እንዳስከፈለው ይታያል። በዳላስ፣ ቴክሳስ የሚገኘው ኤሊት ዴንታል አሶሺየትስ በየልፕ ገጹ ላይ ለተጻፈ አስተያየት ሲመልስ የታካሚውን የአባት ስምና የጤናውን ሁኔታ ጠቅሷል በሚል እ.ኤ.አ. በጁን 2016 ቅሬታ ቀረበበት። ምርመራው ሲካሄድ ተመሳሳይ ጥፋት በሌሎች ታካሚዎችም ላይ መፈጸሙ ተገኘ። ከዚያም በላይ ክሊኒኩ በማኅበራዊ ገጾች ላይ የታካሚን መረጃ ስለ መጠበቅ የተጻፈ መመሪያ አልነበረውም፤ ለታካሚዎች የሚሰጠው የግላዊነት ማስታወቂያም ደንቡን የሚያሟላ አልነበረም። ጉዳዩ በኦክቶበር 2019 በ10,000 ዶላርና ለሁለት ዓመት ክትትል በሚደረግበት የማስተካከያ ዕቅድ ተቋጨ። ጽሕፈት ቤቱ ገንዘቡን ዝቅ ያደረገው የክሊኒኩን አነስተኛነት፣ የገንዘብ አቅሙንና በምርመራው ወቅት ያሳየውን ትብብር ከግምት አስገብቶ እንደሆነ ገልጿል። የኤሊት ጥፋት ብዙ ታካሚዎችን የነካ ሲሆን በኖርዝ ካሮላይናው ክሊኒክ ላይ የቀረበው የአንድ ሰው አቤቱታ ነበር፤ ሆኖም የተባበረው 10,000፣ ያልመለሰው 50,000 ዶላር ከፈለ። ከመንግሥት አካል ደብዳቤ የደረሰው ደንበኛ ለእኛ ሲደውልልን ምላሹን ከገጹ ላይ አጥፍተን እንገላገል የሚል ሐሳብ ሊያቀርብ ይችላል። በዚያ ጊዜ ከእኛ የሚጠበቀው ደብዳቤው በዚያው ቀን ለጠበቃ እንዲደርስ ማድረግና ከማንኛውም ለውጥ በፊት የገጹን ሁኔታ በምስል አስቀርቶ መያዝ ነው።

እነዚህ ጉዳዮች የተናጠል አጋጣሚዎች አይደሉም። በዲሴምበር 2022 ኒው ቪዥን ዴንታል የተባለ የካሊፎርኒያ ክሊኒክ በየልፕ ምላሾቹ ውስጥ በቅጽል ስም የጻፉ ታካሚዎችን ሙሉ ስም፣ የሕክምናና የኢንሹራንስ ዝርዝር ጭምር ያወጣ ነበር በሚል 23,000 ዶላር ከፍሏል። የኖርዝ ካሮላይናው ውሳኔ ይፋ በሆነበት ዕለት ከተገለጹት አራት ጉዳዮች ውስጥ ሦስቱ የጥርስ ሐኪሞች ነበሩ። ከነዚህ አንዱ በተለይ የማርኬቲንግ ድርጅቶችን ይመለከታል፦ በአላባማ ለግዛቱ ሴኔት የተወዳደረ አንድ የጥርስ ሐኪም የታካሚዎቹን ዝርዝር ለምርጫ ዘመቻው አስተባባሪና ለአንድ የማርኬቲንግ ድርጅት በመስጠቱ ክሊኒኩ 62,500 ዶላር ከፍሏል። ዝርዝሩን የተቀበለው ወገን እንደ እኛ ያለ ሰው ነው። አንድ ደንበኛ በኤክሴል የተሞላ የታካሚዎች ስምና አድራሻ በኢሜይል ሲልክልን ፋይሉን ከመክፈታችን በፊት ለምን ዓላማ እንደተሰበሰበና አሁን ለምን ሊውል እንደታሰበ መጠየቅ አለብን።

በአሜሪካ ሕግ ለሕክምና ተቋም ሲሠራ የታካሚ መረጃ የሚያገኝ የውጭ ድርጅት ከተቋሙ ጋር የጽሑፍ ውል ሊኖረው ይገባል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው ማሻሻያ ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያለው ድርጅት ራሱ በቀጥታ ተጠያቂ ነው። የድረ ገጽ ሠሪ ብዙ ጊዜ ይህ እንደማይነካው ያስባል፤ እኔ የምሠራው ገጽ ነው ይላል። ነገር ግን የቀጠሮ መያዣው ቅጽ የሚያልፈው በእርሱ ሰርቨር ከሆነ፣ የቅጾቹ ቅጂ ወደ እርሱ የኢሜይል ሣጥን ከመጣ፣ ለአስተያየት መጠየቂያ የሚሆነውን የታካሚ ስልክ ቁጥር ከክሊኒኩ ሶፍትዌር የሚያወጣው እርሱ ከሆነ መረጃው በእጁ ነው። በድረ ገጹ ላይ አዲስ ታካሚ የሚሞላው ቅጽ የሚወስደውን መድኃኒት፣ የደም ግፊትና የስኳር ሁኔታ፣ የእርግዝና ጥያቄ ይዞ ወደ አንድ ተራ የጋራ ኢሜይል የሚላክበትን አሠራር አሁንም አያለሁ። ለቀጠሮ ስምና ስልክ በቂ ነው፤ የቀረውን ሰውየው ሲመጣ ወይም ደኅንነቱ በተጠበቀ የታካሚ መግቢያ በኩል ይሙላ።

ወደ ምላሹ እንመለስ። ሐኪሙ ያንን አስተያየት ባየ ጊዜ ምን ሊጻፍ ይችል ነበር? እኔ ለደንበኞቼ የማቀርበው ጽሑፍ ከሞላ ጎደል ይህን ይመስላል፦ «አስተያየትዎን ስለጻፉ እናመሰግናለን። የማንኛውንም ሰው ሕክምና የሚመለከት ነገር በአደባባይ ማንሣት በሕግም በሙያ ሥነ ምግባርም ስለማይፈቀድልን እዚህ ላይ ዝርዝር ውስጥ አንገባም። በክሊኒካችን ቅሬታን ራሱ ኃላፊው በግል ይሰማል፤ በክሊኒኩ ስልክ ደውለው እንዲያነጋግሩት እንጋብዛለን።» ጽሑፉ ሰውየው ታካሚ ይሁን አይሁን አይናገርም። ስለመጡልን እናመሰግናለን የሚል ቃል የለበትም፤ ምክንያቱም መጥተዋል ማለት ማረጋገጥ ነው። በጉብኝትዎ ባለመደሰትዎ አዝነናል አይልም፤ እርሱም እንደዚያው ነው። መዝገባችን ውስጥ ስምዎን አላገኘንም ማለትም አይመከርም፤ ዛሬ ለአንዱ አላገኘንም ብሎ ነገ ለሌላው ዝም ያለ ክሊኒክ ዝምታው ራሱ ማረጋገጫ ይሆንበታል። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሌላ ታካሚ ግን የሚረዳው ነገር አለ፦ ይህ ክሊኒክ የእኔንም ጉዳይ በአደባባይ አያወጣም። ከማርኬቲንግ አንጻር ብናየው እንኳ ለማያውቀው ሐኪም አፉን ሊከፍት ለሚያመነታ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አላውቅም።

ጥንቃቄው ለአሉታዊ አስተያየት ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። አምስት ኮከብ የሰጠች ሴት ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው ብላ ብቻ ጽፋ ሳለ፣ የእኛ ሠራተኛ በደስታ ተሞልቶ የአዲሱ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ውጤት ስላማረ ደስ ብሎናል ብሎ ቢመልስ ሴትየዋ ያልተናገረችውን ሕክምና ነግሮባታል። እንዲህ ያለው ምላሽ ክስ የማምጣቱ ዕድል ጠባብ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መልስ የሚሰጠው ሰው እጁን የሚያለማምደው በዚህ ነው፤ በጎውን አስተያየት ከካርዱ እየጠቀሰ የሚመልስ ክፉውንም እንደዚያው ለመመለስ ይቀለዋል። ስለዚህ ለሁለቱም ዓይነት አስቀድሞ በሐኪሙና በጠበቃው የጸደቁ ጥቂት ጽሑፎችን አዘጋጅቶ ከነዚያ አለመውጣት ይሻላል። ምላሾቹ አንድ ዓይነት ሆነው ይሰለቻሉ የሚል ደንበኛ ያጋጥማል። እውነቱን ነው፤ ይሰለቻሉ። ሆኖም የሕክምና ተቋም በአደባባይ የሚሰጠው ምላሽ አሰልቺ መሆኑን እንደ ጉድለት አላየውም።

ምላሽ መስጠት ካልተቻለ አስተያየቱ መጀመሪያውኑ እንዳይጻፍ እናድርግ የሚል ሐሳብም ይመጣል። ይህ መንገድ ተሞክሯል። በኒውዮርክ አንዲት የጥርስ ሐኪም ታካሚዎች ከሕክምና በፊት አንድ ቅጽ እንዲፈርሙ ታደርግ ነበር፤ በቅጹ መሠረት ታካሚው ስለ እርሷ የሚጽፈው አስተያየት የቅጂ መብት ወደ እርሷ ይተላለፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ በክፍያው ቅር የተሰኘ ታካሚ አሉታዊ አስተያየት ሲጽፍ ጽሑፉ ለቆየበት ለያንዳንዱ ቀን 100 ዶላር የሚያስከፍል ደረሰኝ ላከችበት። ታካሚው በ2011 ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ2015 ቅጹ ዋጋ እንደሌለው ተፈረደ። በ2016 መጨረሻ ላይ ደግሞ ደንበኞች አስተያየት እንዳይጽፉ የሚከለክሉ ተመሳሳይ የውል አንቀጾችን ውድቅ የሚያደርግ የፌዴራል ሕግ ወጣ። ደስተኛ የሆኑትን ብቻ መርጦ ወደ ጉግል መላክ፣ ቅር የተሰኙትን ወደ ውስጥ ቅጽ መመለስም እንዲሁ ከ2018 ጀምሮ በጉግል መመሪያ የተከለከለ ነው። በኦክቶበር 2024 ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ደንብም ሐሰተኛ አስተያየት መግዛትንና አዎንታዊ መሆኑን ቅድመ ሁኔታ አድርጎ ለአስተያየት መክፈልን በቅጣት ይከለክላል። የቀረው ሕጋዊ መንገድ ሁሉንም ታካሚ ያለ ምርጫ መጠየቅ ነው፤ ከብዙ ቅን አስተያየቶች መካከል አንዱ ቅሬታ የሚገባውን ቦታ ብቻ ይይዛል።

ጉግልን አስተያየቱን እንዲያነሣ መጠየቅ የሚቻልባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ግን ውሱን ናቸው። ጸሐፊው ተወዳዳሪ ክሊኒክ ከሆነ፣ ስድብ ወይም ዛቻ ካለበት፣ ከክሊኒኩ ጋር የማይገናኝ ነገር ከሆነ ማመልከት ይቻላል። ታካሚው የተናገረው እውነት አይደለም የሚለው ክርክር ግን አይሠራም፤ ጉግል በባለ ንግድና በደንበኛ መካከል ማን እውነቱን ተናገረ ብሎ አይዳኝም። ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ማመልከቻው ውድቅ በሆነ ማግስት ወደ ምላሹ ሣጥን ይመለሳል።

ከዚህ ጉዳይ ተነሥቼ ከማንኛውም የጥርስ ሐኪም ጋር በምፈርመው ውል ውስጥ የማስገባው አንቀጽ የገጹን ባለቤትነትና የመልስ ሰጪነትን ሥልጣን ይለያል። የጉግል ገጹ ባለቤት ክሊኒኩ ነው፤ የይለፍ ቃሉም የእርሱ ነው፤ ከእኛ ጋር ያለው ግንኙነት ሲያበቃ ምንም ነገር በእጃችን አይቀርም። በውሉ ዘመን ግን ምላሽ የሚለጥፈው በስም የተጠቀሰ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያም ሰው የሕክምና ካርዶቹን የማየት ፈቃድ የሌለው ነው። ይህ መለያየት መሠረታዊ ነው። ካርዱን የማያይ ሰው ከካርዱ ሊጠቅስ አይችልም። ሐኪሙ ስለ አንድ አስተያየት የሚያውቀውን ሁሉ ሊነግረን ሲጀምር እናስቆመዋለን፤ ለመመለስ አያስፈልገንም፤ ማወቃችንም ጥፋት ነው። የጸደቀ ጽሑፍ የማይመጥነው አስተያየት ሲመጣ፣ ለምሳሌ ከባድ የሕክምና ስሕተት የሚያነሣ ከሆነ፣ ምንም ምላሽ ሳይለጠፍ ጉዳዩ ወደ ጠበቃና ወደ ሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንሱ ይሄዳል።

ፎቶግራፍም በዚሁ አንቀጽ ሥር ይገባል። ከሕክምና በፊትና በኋላ የተነሡ የጥርስ ምስሎች ለዚህ ሙያ ድረ ገጽ ከሁሉ የበለጠ የሚሠሩ ይዘቶች ናቸው፤ ታካሚው ለምን ዓላማ፣ የት፣ እስከ መቼ እንደሚውሉ የተረዳበትና የፈረመበት የተለየ ፈቃድ ግን ያስፈልጋቸዋል። የሕክምና ስምምነቱ ቅጽ ይህን አይተካም። ታካሚው ፈቃዱን በማንኛውም ጊዜ መሰረዝ ስለሚችል ምስሉ በየትኛው ገጽ፣ በየትኛው የፌስቡክ ጽሑፍ፣ በየትኛው ማስታወቂያ ላይ እንደዋለ መዝገብ መያዝ ይገባናል፤ አውርዱልኝ ሲል የት የት እንደሆነ ስንፈልግ መዋል የለብንም። በገጹ ላይ የሚተከሉ የጎብኝ መከታተያ ኮዶችም ጥንቃቄ ይሻሉ። የሲቪል መብቶች ጽሕፈት ቤቱ ስለነዚህ ኮዶች በዲሴምበር 2022 ያወጣው መመሪያ ከፊሉ በ2024 በፌዴራል ፍርድ ቤት ውድቅ ስለሆነ ወሰኑ እስከየት ነው የሚለው አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል። ታካሚ የሚገባበትና ቅጽ የሚሞላበት ገጽ ላይ የፌስቡክን ፒክስል፣ ማለትም የጎብኝውን እንቅስቃሴ ለፌስቡክ የሚልከውን ኮድ፣ አለመትከል ግን ክርክሩ እስኪያልቅ የማይጠብቅ ውሳኔ ነው።

ሐኪሞች ይህን ሁሉ ሰምተው ታዲያ ተሰድቤ ዝም ልበል ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ጥያቄያቸውን አቅልዬ አላየውም። ሐሰት የተጻፈበት ሐኪም ተበድሏል፤ በአደባባይ መልስ መስጠት የማይችል ብቸኛው ባለ ንግድ እርሱ ሲመስለው ቢቆጣ አልፈርድበትም። የሚታየኝ ግን መከላከያውን የሚያቀርብበት ቦታ አለመጥፋቱ ነው። ታካሚው ለሙያ ፈቃድ ሰጪው ቦርድ ቢያመለክት ሐኪሙ ካርዱን ለቦርዱ ማቅረብ ይፈቀድለታል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ በሕጉ ሥርዓት መሠረት ያቀርበዋል። ለኢንሹራንሱና ለጠበቃውም ሙሉውን መናገር ይችላል። የኖርዝ ካሮላይናው ሐኪም በጉግል ላይ ያሰፈራቸው ቀኖች፣ ያልተገኘበት ቀጠሮ፣ የጻፈው ሪፈር፣ ለቦርድ ቢቀርቡ ጥሩ መከላከያ ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ለዚህም ስል ከአዲስ ደንበኛ ጋር በምናደርገው የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ ከድረ ገጹ አድራሻና ከይለፍ ቃሎቹ ጋር የጠበቃውንና የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንሱን ስልክ እንመዘግባለን፤ ሐኪሙ በቁጣ የጻፈውን ረቂቅ ወደ እኛ ሲልክም ሳንለጥፈው፣ ቅጂም ሳናስቀር፣ ለጠበቃው እንዲሰጠው እንመልስለታለን።